«ፖዘቲቭ» የምትለዋ ቃል፦ የጂን ሥራን መለካት ለሕመምተኛ ምን ይጠቅማል?

አክስቴ ባለፈው ክረምት አንድ ወረቀት ይዘው አዘዞ ቤታችን መጡ። ጡታቸው ላይ እብጠት ከተገኘ አንድ ወር አልፎታል። ናሙና ተወስዶ ውጤቱም ወጥቷል። ሐኪሙን ለማግኘት ግን ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸውና ወረቀቱን ብቻ ይዘው ወጡ። አራት ቦታ አጥፈው፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው፣ እንደ አደራ ገንዘብ ነበር የያዙት። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም።

«ልጄ፣ እስቲ ደህና አድርገህ እይልኝ። ይቺ ፖዘቲቭ የምትለዋ ያቺው ናት እንዴ?»

«ያቺው» ያሏት ኤችአይቪን ነው። በእኛ አገር ለረጅም ዓመታት «ፖዘቲቭ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወረቀቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ኢአር ፖዘቲቭ፣ ፒአር ፖዘቲቭ፣ ኸር ቱ ኔጌቲቭ። አክስቴ ከካንሰሩ ይልቅ ቃሏን ፈርተው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር አድሯል።

«አይደለም እትዬ፣ አይፍሩ። ይሄ ሌላ ፖዘቲቭ ነው። እንዲያውም ኪኒን የሚያግዘው ዓይነት ነው ማለት ነው» አልኳቸው። ከዚያ ከአቦል እስከ በረካ ስናወራ ቆየን። ያን ዕለት የነገርኳቸውን፣ ያልነገርኳቸውንም ጨምሬ፣ እዚህ ልጻፈው። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ እንቅልፍ ያጣ ሌላም ሰው ይኖራልና።

መጽሐፉ አንድ፣ ንባቡ ሌላ

ሰውነታችን የተሠራው ከሴሎች ነው። ከጥቂቶቹ በቀር በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ዲኤንኤ አለ። ዲኤንኤን 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ያሉት ረጅም ጽሑፍ አድርጋችሁ አስቡት። በጽሑፉ ውስጥ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ክፍሎች አሉ። ጂን የምንላቸው እነዚህን ነው። ፕሮቲን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ሠራተኛውም፣ ዕቃውም፣ ዘበኛውም ነው።

እዚህ ላይ ግር የሚል ነገር አለ። የዓይን ሴልም፣ የጉበት ሴልም፣ የጡት ሴልም የያዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ዓይን ለምን ጉበት አልሆነም?

አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያዘወትሩ በሚያውቁት ነገር ነው የነገርኳቸው። አንድ ደብር ውስጥ የዓመቱ ዜማ የተጻፈበት ትልቅ መጽሐፍ አለ እንበል። የጥምቀቱም፣ የሆሳዕናውም፣ የመስቀሉም እዚያው ነው ያለው። ግን ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ዳር የሆሳዕና አይዘመርም። መጽሐፉ ያው ነው። የሚለየው የተገለጠው ገጽ ነው። ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ሰው መጽሐፉን ሳያይ፣ ዜማውን ብቻ ሰምቶ፣ ዛሬ ምን በዓል እንደሆነ ያውቃል።

አክስቴ ሳቅ አሉና «እኔም ከቤቴ ሆኜ ነው የማውቀው» አሉኝ።

ሴልም እንዲሁ ነው። የጉበት ሴል የጉበትን ገጾች ያነባል፤ የዓይን ሴል የዓይንን። ሴሉ አንድን ጂን ሲፈልግ ከዲኤንኤው ላይ አጭር ግልባጭ ይቀዳል። ግልባጩ መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ፕሮቲን የሚሠራው ይህ ግልባጭ ተነቦ ነው። ግልባጩ ከበዛ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲኑም ይበዛል። ሥራው ሲያልቅ ግልባጩ ይፈርሳል። ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት ቋንቋ «የጂን አገላለጽ» ይባላል። እኔ «የጂን ሥራ» ብለው ይቀለኛል።

ከመተማ ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው አስቡ። ከቆላው ወደ ደጋው ሲወጣ አየሩ ይሳሳል። ኩላሊቱ ውስጥ ያሉ ሴሎች ኦክስጅን ማነሱን ይረዱና ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠራውን ጂን አጥብቀው ማንበብ ይጀምራሉ። ሆርሞኑ መቅኔ ድረስ ሄዶ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት ያዛል። የሰውየው ጂን አልተለወጠም። የተለወጠው ንባቡ ነው። ሴል ኦክስጅን ማነሱን እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። «መጽሐፉ ላይ ምን ተጽፏል?» ካልን የዲኤንኤ ምርመራ ነው። የወረስነው ጽሑፍ ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ ያው ስለሆነ መልሱ በየቀኑ አይቀያየርም። «ዛሬ ምን እየተነበበ ነው?» ካልን ግን የጂን ሥራ ምርመራ ነው። መልሱ ሕመም ሲይዘን፣ መድኃኒት ስንወስድ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። ለሐኪም የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሰውነት አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል።

እንዴት ይለካል?

ወደ አክስቴ ወረቀት ልመለስ። ኢአር ማለት ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን ነው። ፒአር ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላውን ሆርሞን ይቀበላል፤ ኸር ቱ ደግሞ ሴሉ እንዲያድግ የሚገፋ ፕሮቲን ነው። ከእብጠቱ የተወሰደው ሥጋ በፎርማሊን ተይዞ፣ ሰም በሚመስል ፓራፊን ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ ብሎክ ላይ ከወረቀት የቀጠነ ቁራጭ ተልጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ኢአርን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ቀለም ይጨመርበታል። ኢአር ያለው ሴል መሀሉ ቡናማ ሆኖ ይታያል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ ከ100 ሴል ስንቱ እንደቀለመ ይገምታል። 1 ከመቶ እንኳ ቢሆን ፖዘቲቭ ይባላል። ለዚህ ነው «ፖዘቲቭ» ከሚለው ቃል ይልቅ ስንት ከመቶ የሚለው ቁጥር የበለጠ የሚናገረው። 90 ከመቶና 2 ከመቶ አንድ አይደሉም።

ይህ የጂን ሥራ ምርመራ ነው። ግልባጩን ሳይሆን ግልባጩ ያሠራውን ፕሮቲን ያያል እንጂ፣ ጥያቄው ያው ነው፤ ይህ ጂን እዚህ ሴል ውስጥ እየተነበበ ነው ወይስ አይደለም? ሰዎች ስለ ጂን ምርመራ ሲሰሙ የሩቅ አገር ነገር ይመስላቸዋል። አክስቴ ግን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ነበር።

ግልባጩን ራሱን መቁጠርም ይቻላል። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ ያ ረጅም እንጨት የገባብን ሰዎች መሣሪያውን እናውቀዋለን፤ ፒሲአር። ኤችአይቪ ያለበት ሰው «ቫይራል ሎድ» ሲለካም የሚቆጠረው የቫይረሱ አርኤንኤ ነው። መሣሪያው አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል። ከዚያ በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። ሲበዛ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ በስንተኛው ዙር ታየ? ቶሎ ከታየ መጀመሪያውኑ ብዙ ነበር ማለት ነው።

በቁጥር ልየው። የአንድ ሕመምተኛ ጂን በ24ኛው ዙር ታየ። የጤነኛው በ27ኛው። ልዩነቱ ሦስት ዙር ነው። ሁለት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት፣ ስምንት። ሕመምተኛው ውስጥ ጂኑ ስምንት እጥፍ እየተነበበ ነው። ግን ቆይ! የሕመምተኛው ናሙና ከመጀመሪያው ብዙ ደም ቢሆንስ? ሁሉም ነገር የበዛ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ብዙም ከፍ ዝቅ የማይል ሌላ ጂን አብረው ይለካሉ። እሱ ሁለቱም ላይ እኩል ከወጣ ስምንቱ እጥፍ እውነት ነው። በገበያ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ሳያዩ እህል እንደማይገዛው ነው።

ይህ ለጥቂት ጂኖች ነው። ሁሉንም 20,000 በአንድ ጊዜ ማየት ሲፈለግ ሌላ መንገድ አለ። በ1995 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ጂኖችን አንድ መስታወት ላይ ደርድረው አብረው የሚለኩበትን ዘዴ አሳዩ። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ግልባጮቹን በአጫጭሩ ቆራርጦ፣ ፊደላቸውን በሚሊዮኖች አንብቦ፣ የትኛው ከየትኛው ጂን እንደመጣ መቁጠር ተለመደ። ዛሬ አንድን ሴል ብቻ ለይቶ ማንበብ ይቻላል።

«አያስፈልግም» ማለት የሚችል ምርመራ

አክስቴ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ ጥያቄ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል። «ታዲያ ኪኒኑ ካለ ኬሞው ለምንድን ነው?»

ኪኒኑ ታሞክሲፈን ነው። የኢስትሮጅንን መቀበያ ይዘጋል። ካንሰሩ በሆርሞኑ የሚያድግ ከሆነ ምግቡን ያጣል። ግን አንዳንዱ ካንሰር ኪኒኑ እያለም ይመለሳል። የትኛው እንደሚመለስ በዓይን ስለማይታወቅ፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሴቶች ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴልን የሚገድለው ጠንካራ መድኃኒት፣ ይሰጣቸው ነበር። ከነዚያ ውስጥ ኬሞው የጠቀማቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ሌሎቹ ፀጉራቸው የረገፈው፣ ያስመለሳቸው፣ ከሥራ የቀሩት በከንቱ ነው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን የሚለይ አልነበረም።

የጂን ሥራ ለዚህ መልስ ይሰጥ ይሆናል የሚለው ተስፋ የጠነከረው በ1999 ነው። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የ38 የደም ካንሰር ሕመምተኞችን ናሙና ወስደው በጂን ሥራቸው ብቻ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች መለየት ቻሉ። በ2000 ደግሞ «የጡት ካንሰር» የምንለው አንድ በሽታ ሳይሆን የተለያየ ገጽ የሚያነቡ ብዙ በሽታዎች መሆኑ ታየ። አክስቴ ወረቀት ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች የዚያ ክፍፍል አጭር መልክ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከ2004 ጀምሮ ኦንኮታይፕ የሚባል ምርመራ ሥራ ላይ ዋለ። 21 ጂኖችን ይለካል። 16ቱ ከካንሰሩ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ 5ቱ ያ የነገርኳችሁ ሚዛን ማስተካከያ ናቸው። ከ0 እስከ 100 ነጥብ ያወጣል። ከፍ ሲል የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። መሀል ላይ ያሉትስ? ለእነሱ ነው ከ10,000 በላይ ሴቶች የተመዘገቡበት ትልቅ ጥናት የተደረገው። ካንሰሩ ወደ ብብት ዕጢ ያልሄደባቸው፣ እንደ አክስቴ ኢአር ፖዘቲቭና ኸር ቱ ኔጌቲቭ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ነጥባቸው ከ11 እስከ 25 የሆነው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ኪኒን ብቻ፣ ግማሹ ኪኒንና ኬሞ። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ በጥቅሉ ልዩነት አልነበረም። 50 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑት ውስጥ ነጥባቸው ከ16 እስከ 25 ለሆነው ኬሞው ትንሽ ጠቅሟል። ለሌሎቹ አላስፈለገም።

እኔ ይህን ጥናት ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። የጂን ምርመራ ሲባል ሁላችንም የምናስበው አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ተአምር ነው። እስካሁን ለሰው ያደረገው ትልቁ ውለታ ግን «ይህ ለእርስዎ አያስፈልግም» ማለት መቻሉ ነው። ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም። ቤት ሸጦ ሊታከም ለተነሳ ቤተሰብ ትልቅ ቃል ናት።

ይኸው ቃል ሌላም ቦታ ይሰማል። ልብ የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ልቡን እየተቃወመ እንደሆነ ለማወቅ በደም ሥሩ በኩል መሣሪያ ገብቶ ከልቡ ላይ ሥጋ ይቆረጥለታል፤ እየተመላለሰ። በአሜሪካ በ2008 ፈቃድ ያገኘ የ20 ጂኖች የደም ምርመራ፣ ንባቡ ጸጥ ያለ ከሆነ ያ መቆረጥ እንዲቀርለት ይረዳል። ሲኤምኤል በሚባለው የደም ካንሰር የታመሙ ሰዎች ደግሞ በየጊዜው አንድ የተበላሸ ጂን ግልባጩ ይቆጠርላቸዋል። ለዓመታት ከታች ከታች ከሆነ ኪኒኑን በሐኪም ክትትል ማቆም የሚችሉ አሉ። ካቆሙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሳይመለስባቸው ይቆያሉ። ሌሎቹም መመለሱ ቶሎ ስለሚታወቅ ኪኒኑን እንደገና ሲጀምሩ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ይወርድላቸዋል።

የሕፃን ትኩሳትንም አስቡ። እናት ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። ባክቴሪያ ነው ወይስ ቫይረስ? ካልታወቀ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። በ2016 የወጣ ጥናት የልጁ ደም ውስጥ የሁለት ጂኖችን ንባብ ብቻ በማየት ሁለቱን በጥሩ ሁኔታ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ምክንያቱም ሰውነት ባክቴሪያ ሲመጣና ቫይረስ ሲመጣ የሚገልጠው ገጽ ይለያያል። ጀርሙ ሳይገኝ፣ ሰውነቱ ራሱ ማን እንደመጣበት ይናገራል።

ወደ እኛ ሲመጣ

ለእኛ ቅርብ የሆነው ቲቢ ነው። ብዙ ሰው ጂንኤክስፐርት የሚባለውን መሣሪያ ሰምቶ «ጂን» ስለሚል የጂን ሥራ ምርመራ ይመስለዋል። አይደለም። እሱ አክታ ውስጥ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ይፈልጋል፤ ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት መቋቋሙንም ያያል። በጣም ጠቃሚ ነው። ግን በአብዛኛው አክታ ይፈልጋል። ሕፃን አክታ አይተፋም። ኤችአይቪ ያለበት ሰውም ብዙ ጊዜ አክታው ውስጥ ባክቴሪያው ያንሳል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ከአክታው ወደ ደሙ ዞሩ። ቲቢ ያለበት ሰው ደም ውስጥ አንዳንድ ጂኖች በኃይል ይነበባሉ። በ2016 በደቡብ አፍሪካ ወጣቶች ላይ 16 ጂኖች ገና ያልታመመው ሰው ወደፊት በቲቢ እንደሚታመም አስቀድመው ሊጠቁሙ እንደሚችሉ ታየ። በ2018 ደግሞ አራት ጂኖች ብቻ በቂ እንደሆኑ ያሳየ ጥናት ወጣ። በዚያ ውስጥ የደቡብ አፍሪካ፣ የጋምቢያና የኢትዮጵያ ሰዎች ደም አለ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። በደቡብ አፍሪካ እንዲህ ባለ ምርመራ አደጋ ላይ ናቸው የተባሉ ሰዎች የ12 ሳምንት መከላከያ መድኃኒት ተሰጣቸው። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ፣ ምርመራው ማን ሊታመም እንደሚችል ጥሩ አድርጎ ለይቷል፤ መድኃኒቱ ግን በሽታውን አልቀነሰም። ማወቅና ማዳን ሁለት ናቸው።

ከዚያ ካላዛር አለ። ጎንደር ላይ ካላዛር የመጽሐፍ በሽታ አይደለም። በመኸር ወራት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው ቀን ሠራተኛ ነው ይዞት የሚመጣው። የአሸዋ ዝንብ ትነድፈውና በሽታውን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ታስገባበታለች። ትኩሳቱ አይለቅም፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም የጤና ባለሙያ ለማፍራት ነበር፤ ዛሬ የሌሽማኒያሲስ (የካላዛርና የመሰሎቹ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው እዚያው ነው።

ካላዛርን በእርግጠኝነት ለማወቅ፣ በተለይ ከሕክምና በኋላ ጥገኛው መጥፋቱን ለማየት፣ ብዙ ጊዜ ከጣፊያ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ጣፊያ በደም የተሞላ አካል ነው። ባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ የመድማት አደጋ አለው፤ በጥንቃቄ ነው የሚሠራው። ኤችአይቪም ያለበት ሰው ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ካላዛሩ እየታከመ ይመለስበታል። በ2022 የወጣ፣ ጎንደር ላይ የተደረገ ጥናት ማን ላይ እንደሚመለስ ከደም የሚጠቁሙ ምልክቶችን አግኝቷል። ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ቁጥር ማነስ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን መልእክት የማምረት ኃይል መድከም፣ ቲ ሴል በሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ላይ ደግሞ ፒዲ 1 የሚባል ፕሮቲን መብዛት። ፒዲ 1 በረጅም ውጊያ የዛለ ወታደር የሚያውለበልበው ምልክት ዓይነት ነው። የዚያ ጂን ንባብ ሲጨምር ሴሉ ደክሟል ማለት ነው። ይህ ነገር ተጠናክሮ በደም ምርመራ መልክ ቢመጣ፣ ያቺ መርፌ የማታስፈልጋቸውን ሰዎች መለየት ይቻል ይሆናል። የምመኘውም እሱን ነው።

የት ላይ ይሳሳታል?

መጀመሪያ፣ ቁጥሩ ራሱ ያታልላል። 20,000 ጂኖችን ሕመምተኛና ጤነኛ ላይ አነጻጽረን፣ በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድላችን 5 ከመቶ ይሁን ብንል፣ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ወደ 1,000 የሚሆኑ ጂኖች «ተለይተዋል» ይሉናል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት መለኪያውን ያጠብቃል፤ ያገኘውንም በሌሎች አዲስ ሰዎች ላይ ይፈትናል። «አንድ ጂን ተገኘ» የሚል ዜና ስትሰሙ በስንት ሰው ላይ፣ ደግሞስ ስንት ጊዜ ተፈተነ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። የሕመምተኞቹ ናሙና ሰኞ ተሠርቶ የጤነኞቹ አርብ ቢሠራ፣ የምናየው ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የሰኞና የአርብ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ ተቀይሯል፤ ሙቀቱ ተቀይሯል። ናሙናዎቹን ቀላቅሎ መሥራት ነው መፍትሔው።

ሦስተኛው ያሳምማል። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የጂን ሥራን አይቶ ለየትኛው ሕመምተኛ የትኛው ኬሞ እንደሚሆን የሚመርጥ ዘዴ ተገኘ ተብሎ ሕመምተኞች ላይ መሞከር ተጀምሮ ነበር። ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስሌቱን ደግመው ሊሠሩት ሲሞክሩ አልመጣ አላቸው። ቢቆፍሩ፣ በሠንጠረዡ ላይ የጂኖቹ ስም በአንድ መስመር ተንሸራትቶ ነበር። የአንዱ ቁጥር ለሌላው ተሰጥቷል። ሌላም ስህተት ነበረ። ሙከራዎቹ በ2010 ቆሙ፤ ጽሑፎቹም ተሰረዙ። አንድ መስመር! ያቺ መስመር የታመመ ሰው ክንድ ላይ በሚንጠለጠል መድኃኒት ነው የምታበቃው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ያደረጉት አድካሚ ማጣራት በእኔ ዓይን ከማንኛውም አዲስ ግኝት አያንስም።

የመጨረሻው እኛን የሚመለከት ነው። «ጤናማ» የሚባለው ማን ነው? እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ አጥንተው በ2002 ውጤቱን አወጡ። በዚያ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከፍ ይላል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። በአንዲስ ተራሮች እንደዚያ ነው። የእኛዎቹ ግን በባሕር ጠለል እንደሚኖር ሰው ሆነው ተገኙ። ዓለም «ደጋ ሲወጣ ደም እንዲህ ይሆናል» ያለው ነገር እኛ ጋ አልሠራም። የጂን ሥራ ምርመራም እንዲሁ ነው። ነጥቡ የወጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች ደም ብቻ ከሆነ፣ የሆድ ትል፣ ወባ፣ ኤችአይቪ ወይም ደጋ የሚያመጣውን ንባብ በሽታ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። የከፋው ደግሞ በሽታውን «አያስፈልግም» ብሎ ሊያልፈው መቻሉ ነው። ያቺ ቃል እንድትታመን ከእኛ ሰው ደም ላይ መፈተን አለባት። በ2018ቱ የቲቢ ጥናት ውስጥ የኢትዮጵያ ደም መኖሩ ትልቅ ነገር ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህ እንዲሆን ናሙናው በደህና መያዝ አለበት። አርኤንኤ ስስ ነገር ነው። ቆዳችን ላይ ያለው ኢንዛይም ይበላዋል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ዝም ብሎ ከቆየ ሴሎቹ ራሳቸው ሌላ ገጽ መግለጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሊትር ደም ልዩ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ ንባቡን በዚያች ቅጽበት ቀጥ ያደርገዋል። ሲስተሯ ቱቦውን ሳትንጠው ቀስ አድርጋ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ትገለብጠዋለች። በቤት ውስጥ ሙቀት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ለረጅም ጊዜ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ያን ቱቦ ማገላበጥ የረሳ ሰው፣ ወይም ማታ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን ያላስነሳ ሰው፣ የወራት ልፋት ያበላሻል። በጥናቱ ላይ ስማቸው የማይጻፍ የላብራቶሪ ሰዎች ናቸው ነገሩን የተሸከሙት።

የአክስቴ ብሎክ

አክስቴ በቀጠሯቸው ቀን ሄዱ። ስንት ከመቶ እንደሆነ እንዲጠይቁ ነግሬያቸው ነበርና ጠየቁ። «ዘጠና ነው አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ» አሉኝ በስልክ። ሐኪሙ የእብጠቱን መጠን፣ የብብት ዕጢውን፣ የሴሉን መልክ አይቶ ኬሞ ያስፈልጋል አለ። ባለው መረጃ የሚደረገው እሱ ነው። የ21 ጂኑ ምርመራ ብዙውን ጊዜ አሜሪካ ባለ ላብራቶሪ ነው የሚሠራው፤ ዋጋውም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። አክስቴ ኬሞውን ጨረሱ። ፀጉራቸው ረገፈ፤ አሁን እንደገና እየወጣ ነው። ታሞክሲፈኑን በየቀኑ ማታ ከእራት በኋላ ይውጣሉ።

ባለፈው ሳምንት አብሬያቸው ሄጄ ብሎኩ የት እንዳለ ጠየቅኩላቸው። እናንተም ጠይቁ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። ሌላ ሐኪም ደግሞ ማየት ቢፈልግ፣ አዲስ ምርመራ ቢመጣ፣ የሚሠራው ከእሱ ላይ ነው። ባለሙያው መሳቢያ ስቦ አወጣልን። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ሰም ውስጥ የተቀበረች ሥጋ ናት። እንደ ሻማ ጭላጭ ነው የምትመስለው። ፓራፊን ውስጥ ያለ አርኤንኤ ቢቆራረጥም ለዓመታት ይቆያል፤ የ21 ጂኑ ምርመራ መጀመሪያ ሲፈተንም ከዓመታት በፊት ከተቀመጡ ብሎኮች ላይ ተነቧል።

አክስቴ ትንሽ አዩዋትና «ያ ሁሉ ነገር እዚህች ውስጥ ተጽፏል?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ያኔ ሲነበብ የነበረው ሁሉ» አልኳቸው።

ባለሙያው ብሎኳን ወደ መሳቢያዋ መለሳት። ቁጥሯን አክስቴ በዚያው ወረቀት ጀርባ ጽፈው፣ አጥፈው፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።